«ፎርማት አድርጊው» ሲሏችሁ

ከአዲስ አበባ ወደ ባሌ ስሄድ ቤተሰቦቼ የሚጠብቁኝ በሁለት ምክንያት ነው። አንዱ ናፍቆት ነው፤ ሌላው የተበላሸ ዕቃ። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ መሆኑን ስንት ጊዜ ብናገር የሚሰማኝ የለም። «ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትውል ልጅ እንዴት አታውቀውም?» ትላለች አክስቴ። ባለፈው ገናም አጋርፋ ደርሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ አባዬ አሮጌውን ላፕቶፕ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

ላፕቶፑን የገዛሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ ነው። ሥራ ስይዝ ሌላ ገዛሁና እሱን ለአባዬ ሰጠሁት። አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ የሰፈሩ እድር ጸሐፊም ነው። የእድሩን መዝገብ ከወፍራሙ ደብተር ወደ ኤክሴል ያዛወረው በዚህች ላፕቶፕ ነው። ማን መቼ እንደከፈለ፣ ለማን ምን ያህል እንደተሰጠ፣ ድንኳኑና ወንበሩ እነማን ጋር እንዳለ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ።

ላፕቶፑ ከታኅሣሥ ጀምሮ አልነሳ ብሏል። ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል። ሮቤ፣ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ በፍላሽ ዊንዶውስ 10 ሊጭንበት ሞክሮ ነበር። ቁጥሩ እየቆጠረ ሄዶ መሐል ላይ ቆመና በ80070570 የሚያልቅ የስህተት መልእክት አመጣ። ትርጉሙ «ፋይሉ ተበላሽቷል ወይም ሊነበብ አይችልም» ማለት ነው። ምክር አላጣንም። ጎረቤቱም፣ በስልክ ያማከርኩት የቢሮ ባልደረባዬም ያሉት አንድ ነው፦ «ክፍልፋዩን ሁሉ ሰርዢና ከዜሮ ፎርማት አድርጊው።»

ጣቴ ሰርዝ የሚለው ላይ ደርሶ ነበር። አባዬ ከኋላዬ ቆሞ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«መዝገቡስ?»

«ዲ ላይ ነው አይደል ያስቀመጥከው?»

«እኔ ዲ የሚባል አላውቅም። ስከፍተው ፊት ለፊት የማየው እሱ ነው።»

ደነገጥኩ። ፊት ለፊት የሚታየው ዴስክቶፕ ነው። ብዙዎቻችን «ዲ ላይ ያለ አይነካም» ስንባል ልባችን ያርፋል። ዴስክቶፕም፣ ዶክመንትስም፣ ዳውንሎድስም ግን በተለመደው አቀማመጥ ያሉት ሲ ላይ ነው፤ ፎርማት ሲደረግ አብረው ይሄዳሉ። ሁሉንም ክፍልፋይ ከሰረዝንማ ዲም አይተርፍም። የመዝገቡ ሌላ ቅጂ የትም የለም። ያ ከጠፋ የሟች ቤተሰብ ምን እንደሚገባው የሚወሰነው በትዝታ ሊሆን ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጋጭ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ላፕቶፑን ዘጋሁትና ከቡና በኋላ በሥርዓት ጀመርን። ቅደም ተከተሉ ለእናንተም ይጠቅም ይሆናል።

መጀመሪያ መብራቱን አሰብን። የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ብዙ ጊዜ የሞተ ነው፤ በመሐል መብራት ከጠፋ ጭነቱ ይቋረጣል። ባትሪው የማይዝ ከሆነ መብራት የማይዋልልበትን ሰዓት ምረጡ።

ቀጥሎ ፍላሹን ጠረጠርን። ገበያ ላይ 64 ጊጋ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ ግን ያን ያህል የማይዝ ፍላሽ አለ፤ የተጻፈበት ፋይል ጎደሎ ይሆናል። ከኢንተርኔት የወረደው ፋይል ራሱ ተቆራርጦም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሌላ ፍላሽ፣ በሌላ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ አዲስ በወረደ ፋይል ሞክሩ። እኛ ይህን ያደረግነው ሌላ ፍላሽ ላይ ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ሲስተም በመጫን ነው። ኡቡንቱ ላፕቶፑ ውስጥ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ብቻ ተነስቶ ይሠራል፤ «ልሞክር» የሚለውን እንጂ «ልጫን» የሚለውን አትንኩ። ዊንዶውስ አልነሳ ያለ ኮምፒውተር ውስጥ ያለን ፋይል ለማውጣት ከማውቀው መንገድ ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው።

ሦስተኛው ራም ነው። ጭነቱ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ራሙን ተጠራጠሩ። ሁለት ራም ካለው አንዱን አውጥቶ በአንዱ ብቻ መሞከር ይቻላል። የእኛ ግን ሁሌም የሚቆመው እዚያው አካባቢ ነበር።

የቀረው ሃርድ ዲስኩ ነው። ኡቡንቱ ውስጥ ያለው ዲስክስ የተባለ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነት ያሳያል። ስንከፍተው ዲስኩ የተበላሹ ሴክተሮች እንዳሉት ነገረን። ዊንዶውስ ፋይሉን ሊጽፍ የሚሞክረው በሞተው ቦታ ላይ ነበር። እንዲህ ያለውን ዲስክ አሥር ጊዜ ፎርማት ብታደርጉት አይድንም፤ ይልቅ በሠራ ቁጥር ይበልጥ ይደክማል።

እየሞተ ካለ ዲስክ ስትገለብጡ ወሳኙን አስቀድሙ። የዲስኩ ቀሪ ዕድሜ ሰዓት ይሁን ቀን አይታወቅም፤ በፊልምና በዘፈን አታባክኑት። መዝገቡን ፍለጋ ሲ ውስጥ ገባን፤ ዴስክቶፑ ባዶ ነው። አባዬ ምንም አልተናገረም። ለካ ዊንዶውስ ሳይፎርማት በላዩ ላይ ሲጫን የድሮውን «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ያስቀምጠዋል። የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ሙከራው ፎርማት የሚለውን ሳይነካ ማለፉ በጀን። መዝገቡ እዚያ ተገኘ፤ ተከፈተም። ፎቶዎቹ ግን ሁሉም አልተረፉም። እናቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ፋሲካ ካነሳኋት ውስጥ ግማሾቹ አልነበብ አሉ። ቅጂ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሮቤ ወርደን ኤስኤስዲ ገዛን። ዋጋው ከአዲስ ላፕቶፕ ጋር ፈጽሞ አይነጻጸርም፤ ወደ አሮጌው ዲስክ ቦታ ልክክ ብሎ ገባ። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ለእኛ ደጋ ይስማማል። የድሮው ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ንብርብር ላይ ነው፤ ለዚህም አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ሲሠራ ከ3,048 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሆን ይላሉ። አጋርፋና ሮቤ ከዚያ በታች ናቸው። ከጎባ ወደ ዴሎ መና ስትሄዱ የሚያልፉት ሰነቲ ግን ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ባለ ሃርድ ዲስክ ላፕቶፕ እዚያ ላይ ባትከፍቱት ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ጭነቱ ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ ድረስ አለቀ። ሦስት ትናንሽ ነገሮች ግን አጋጠሙን።

አንደኛው ሰዓቱ ነው። ላፕቶፑ በነቃ ቁጥር ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብዙ ድረ ገጾች «አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። ምክንያቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ናት፤ ብዙ ጊዜ ሲአር2032 የምትባለው ናት። ስትቀየር ችግሩ ያበቃል።

ሁለተኛው ፊደል ነው። የአባዬ የቆዩ ደብዳቤዎች የተጻፉት ኒያላ በተባለው ፊደል ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ይህ ፊደል ስሙን የወሰደው ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ከምናየው ከደጋ አጋዘን ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ አብሮ አይመጣም፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ከተጨማሪ ነገሮች ዝርዝር የኢትዮጵያ ፊደላትን ማውረድ ያስፈልጋል። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ካላችሁም ፕሮግራሙ እንደገና እስኪጫን ድረስ የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል፤ ጠፋ ብላችሁ አትደንግጡ።

ሦስተኛው የዊንዶውሱ ዕድሜ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ይጠይቃል፤ የእኛ የለውም። ማርኬቲንግ ሥራዬ ነውና «ድጋፉ አበቃ» የሚለው ቃል ስንት አዲስ ዕቃ እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ለኢንተርኔትና ለባንክ ሥራ ከሆነ ማስጠንቀቂያው እውነት ነው፤ ለዚያ ሊኑክስ መጫን ወይም አዲስ መግዛት ይሻላል። አባዬ ግን ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ጋር አያገናኘውም፤ ፓወር ግዕዝም ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፊደሉን ካወረድን በኋላ ከመስመር አውጥተን በዊንዶውስ 10 ተውነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ዲስኩ ኤምቢአር ስለሆነ አይጫንም፣ ጂፒቲ ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ቢመጣባችሁ ዲስኩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ፍላሹና ዲስኩ በተለያየ ዘዴ እየተነሱ ነው። ዲስኩን ለመቀየር ከመቸኮላችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ የመነሻ ዘዴውን አስተካክሉ፤ መቀየሩ ብዙ ጊዜ ያለውን ሁሉ ይጠርጋልና።

አሁን የእድሩ መዝገብ ሦስት ቦታ አለ፦ ላፕቶፑ ላይ፣ አባዬ ሳጥኑ ውስጥ በቆለፈበት ፍላሽ፣ እና እኔ ጋ። በየወሩ መጨረሻም ታትሞ ለዳኛው ይሰጣል። አባዬ ግን ወፍራሙን ደብተርም አውጥቶ እንደገና መጻፍ ጀምሯል።

«ይሄኛው ፎርማት አይደረግም» አለኝ ስሸኘው።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን አሮጌ ላፕቶፕ ክፈቱና እናትና አባታችሁን «ፊት ለፊት ያለው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ። ሌላ ቦታ ከሌለ ዛሬውኑ ገልብጡት። በሚቀጥለው ወር በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።