ወደ ላይ ብቻ የሚናገር ታብሌት

ስለ ገጠር ጤና በሚደረግ አውደ ጥናት ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ሥዕል ሳያይ ለሻይ አይወጣም፤ በግራ የሣር ክዳን ጎጆ፣ በቀኝ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም፣ መሐላቸው ሞባይል። ማብራሪያው ደቂቃ አይፈጅም። ገጠሩ ሐኪም የለውም፣ ሐኪሙ ያለው ከተማ ነው፣ እንግዲህ ሐኪሙን በስክሪን እናድርስለት። አዳራሹ ያጨበጭባል። እንዲህ ቀለል ያለ ሐሳብ ደግሞ ገንዘብ አያጣም፤ ፕሮጀክት ይሆናል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ዜና ይሠራለታል። ችግሩ ርቀቱን የለካው ያለ ቦታው መሆኑ ነው።

መካነ ሰላምን እንውሰድ። በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሆስፒታል አላት፤ ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱም እዚያው ነው። ሩቅ የሚባለው ከእሷ ወዲያ ያለው ነው፤ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ፣ በወግዲና በአማራ ሳይንት በኩል ያሉት መኪና የማይገባባቸው ቀበሌዎች። እዚያ ሌሊት ምጥ የጠናባት ሴት ስትኖር ባልየው የሚሮጠው ወደ ቅሬው ዳኛ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለው የወሎ ቅሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም ይዞ ሬሳ ብቻ አይቀብርም፤ ሕመምተኛም ይሸከማል። ሁለት አጣና ላይ በጠፍር የተወጠረው ቃሬዛ ይወጣል። አራት ሰው ይሸከማል፣ የቀረው ለመቀያየር ይከተላል፣ አንዱ ባትሪ ያበራል። ዳገት ላይ ከኋላ ያሉት ቃሬዛውን ከትከሻቸው በላይ ያነሱታል፤ አለዚያ ሴትዮዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች። መኪና መንገዱ ጫፍ ሲደርሱ አምቡላንስ ይጠበቃል፤ ነዳጅ ካለው፣ ጎማው ደህና ከሆነ፣ ሌላ ቀበሌ ካልተጠራ።

እንግዲህ ስክሪኑ የቱ ጋ ይግባ? ደሴ ያለ የማህፀን ስፔሻሊስት በቪዲዮ ቢገኝ የሚለው «እየደማች ከሆነ ቶሎ አምጧት» ነው። ይህን ተሸካሚዎቹም ያውቁታል። የጎደለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ኦክሲቶሲን፣ ከረጢት ውስጥ ያለ ደም፣ የአምቡላንሱ ነዳጅ፣ እስከ ቀበሌው የሚደርስ ጥርጊያ መንገድ ነው። ሰሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 የእናቶችን ሞት በሦስት መዘግየቶች ከፍለው አስረድተዋል፤ ለመሄድ በመወሰን፣ ተቋሙ ዘንድ በመድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት። የሕክምና ተማሪ ሁሉ ይህን በቃሉ ይወጣዋል። ቪዲዮው ከሦስቱ የአንዱን ግማሽ ቢያቃልል ነው፤ ሁለተኛውን ፈጽሞ አይነካውም።

ቁጥሩም ይመሰክራል። በብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በ1997 ዓ.ም. በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ 5 በመቶ ነበር። በ2003 ወደ 10፣ በ2008 ወደ 26፣ በ2011 ወደ 48 በመቶ ወጣ። ይህን ለውጥ ያመጣው ቴሌሜዲሲን አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው፤ በየቀበሌው ተመድበው ቤት ለቤት የሚዞሩ ሁለት ሴቶች፣ በጤና ጣቢያው ግቢ የተሠራች የእናቶች ማቆያ፣ ለወረዳ የታደለ አምቡላንስ፣ ነፃ የወሊድ አገልግሎት። ሰው፣ ቤት፣ መኪና። አውደ ጥናት ላይ ለማሳየት የማይመቹ ነገሮች ናቸው።

ስክሪኑም ቢሆን ለእኛ አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የነበረ ሰው ፕላዝማን ያስታውሳል። ደቡብ አፍሪካ የተቀረፀው አስተማሪ ሰዓቱ ሲደርስ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ «ይህን ጥያቄ ሥሩ» ይላል፣ ተማሪው እስክሪብቶ ሳያነሳ መልሱን ሰጥቶ ይቀጥላል። እጅ ቢያወጡለት አያይም። በእነዚያው ዓመታት ሕክምናውም ሙከራ ደርሶት ነበር። የህንዱ ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም በ1997 ዓ.ም. መጀመሪያ ለፓን አፍሪካ ፓርላማ ባቀረቡት ሐሳብ መነሻነት አፍሪካን በሳተላይት ከህንድ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ጋር የሚያገናኝ መረብ ታሰበ፤ የመጀመሪያዋ መሞከሪያም ኢትዮጵያ ሆነች። በ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ጥቁር አንበሳና የነቀምት ሆስፒታል ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። ገንዘቡ የህንድ፣ ሳተላይቱ የሌላ፣ ሐኪሙ የህንድ፤ የእኛ ድርሻ ታማሚ ማቅረብ ነበር። ዛሬ የነቀምት ነዋሪ ሲታመም ሃይደራባድን የሚያስብ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ዛሬ በብዙ ጤና ኬላ ገብቶ የተቀመጠው ሌላኛው ዘርፍ ነው፤ የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ። ትችቴም በዋናነት የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ታብሌቱ ከመምጣቱ በፊት ጤና ኬላው የወረቀት ሥርዓት ነበረው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ የቤተሰብ ፎልደር አለ፤ ውስጡ የእናቲቱ ካርድ፣ የልጆቹ ካርድ፣ መጸዳጃ ቤት አላቸው የላቸውም የሚለው ሳይቀር። ከመደርደሪያው አጠገብ ደግሞ በወር በወር የተከፋፈለ የእንጨት ሳጥን ይቀመጣል። በሚያዝያ ክትባት ያላት ሕፃን ካርዷ ሚያዝያ ክፍል ውስጥ ይገባል። ወሩ አልቆ ካርዱ እዚያው ካለ ሕፃኗ አልመጣችም ማለት ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነጠላዋን አጣፍታ ወደዚያ ቤት ትሄዳለች። መብራት አይጠይቅም፣ ቻርጅ አይፈልግም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚናገረው ለእሷ ነው። ነገ የማን ቤት መሄድ እንዳለባት ይነግራታል። እኔ በአገራችን ከተሠሩት የጤና መረጃ ቴክኖሎጂዎች ሁሉ የማደንቀው ያንን ሳጥን ነው።

ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ሁሉ ወደ ታብሌት ይግባ ተባለ። ኢ-ሲኤችአይኤስ የተባለው ሥርዓት ዲማጊ የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ በሠራው ኮምኬር በተባለ ሶፍትዌር ላይ የተገነባ ነው። በዚያው ሰሞን ጤና ሚኒስቴር ዲኤችአይኤስ 2ን የአገሪቱ የሪፖርት ቋት አደረገው፤ «የመረጃ አብዮት» የሚለው መፈክርም ከጤናው ዘርፍ የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ነበር። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ታብሌቱ ያለ ኔትወርክም እንዲመዘግብ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ ቀጠሮ ያስታውሳል፣ በሕክምናው ደረጃዎች ይመራል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ነገር ግን የሚለካው በምንድን ነው? ስንት አባወራ ተመዘገበ፣ ስንት መቶኛ «ሲንክ» ተደረገ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚጠይቀው ይህንን ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ ታብሌቷን በቦርሳ ይዛ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ትወጣለች፣ መረጃው እስኪሄድ ትቆማለች። በብዙ ቦታ ደግሞ ወረቀቱም አልቀረም፤ ማታ ፎልደር ላይ የጻፈችውን ጠዋት ታብሌት ላይ ትደግመዋለች። ቤት ለቤት ልትዞርበት የሚገባው ጊዜ ለቁጥር ይውላል።

ቁጥሩም ሽቅብ ይነጉዳል፤ ከቀበሌ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ። እዚያ በሚያምር ግራፍ ይታያል። ቁልቁል የሚመጣውስ? አንድ ፈተና ልስጥ። ከቆላው ቀበሌ በቃሬዛ ወጥታ መካነ ሰላም የተላከች፣ ከዚያም ወደ ደሴ ሪፈር የተባለች እናት ምን ደረሰባት? ዳነች? ሞተች? ሕፃኑስ? የሪፈር ወረቀቱ ከታች በኩል ለግብረ መልስ የተተወ ክፍት ቦታ አለው። ያ ቦታ ተሞልቶ ወደ ጤና ኬላው ሲመለስ ማየት ብርቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወሬውን የምትሰማው ከገበያ ወይም ከለቅሶ ቤት ነው። በሚሊዮን የሚቆጠር መዝገብ የሚሸከም ሥርዓት ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ላኪዋ ካልመለሰ ለማን ነው የተሠራው?

በዚያ ላይ ሥርዓቱ የቆመበት መሬት አይታመንም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በወሎ መብራትም ስልክም ተቋርጦ ሰነበተ፤ የደሴ ሆስፒታል ራሱ ተዘረፈ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። አንዱ የመንግሥት እጅ ሕክምናውን በኢንተርኔት ላይ ይገነባል፣ ሌላው እጅ ኢንተርኔቱን ይዘጋል። ለጤና ተቋማት መስመሩ ክፍት ይሁን የሚል ባለሥልጣን ድምፅ በዚያ ጊዜ አልሰማሁም። ቃሬዛው ግን በእነዚያ ወራት ሥራ አልፈታም።

ይህን ሁሉ ብዬ ቴሌሜዲሲን የለንም አልልም። አለን፤ ስም ስላልተሰጠው ነው። በወረዳ ሆስፒታል ያለ ወጣት ጠቅላላ ሐኪም የኤክስሬይ ፊልሙን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘረጋና በስልኩ ፎቶ ያነሳዋል። አንዱ ጫፉ ይታጠፍበታል፣ ነርሷ በጣቷ ትይዝለታለች። በቴሌግራም ለክፍል ጓደኛው ይልካል፤ ጓደኛው ጎንደር ወይም ጥቁር አንበሳ ስፔሻሊቲ እየተማረ ነው። «ወንድሜ፣ እስቲ ይቺን እያት፤ እዚሁ ልያዛት ወይስ ሪፈር ልበል?» ጓደኛው ከራውንድ ሲወጣ ያያል፣ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ይመልሳል። አንድ ቤተሰብ በሬ ሸጦ ደሴ ከመሄድ ዳነ ማለት ነው። በጤና ጣቢያ ያለ ጤና መኮንንም የቆዳ ቁስል ፎቶ እንዲሁ ይልካል። ማንም አላሠለጠናቸውም፣ ሪባን አልተቆረጠላቸውም፣ የኢንተርኔቱ ብር የሚወጣው ከገዛ ኪሳቸው ነው።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። የታማሚው ስም ፊልሙ ላይ ይነበባል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ለዚህ ምን እንደሚል የላኪም የተቀባይም ሐሳብ አይደለም። የተሰጠው ምክር በካርድ ላይ አይጻፍም፤ ስህተት ቢፈጠር ተጠያቂው አይታወቅም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በዝምድና መሥራቱ ነው። ጥሩ የክፍል ጓደኛ ያለው ሐኪም ታማሚው ይጠቀማል፤ የሌለው ይላክ ይላል። ይህን በመከልከል ሳይሆን በመቀበል ማቃናት ይቻላል። በደሴ ሆስፒታል ከወረዳ ለሚመጣ ጥያቄ ብቻ የሚመደብ ተረኛ ሐኪም፣ ለጤና ጣቢያና ለጤና ኬላ ነፃ የሆነ አጭር ቁጥር፣ የተሰጠው ምክር የሚጻፍበት መዝገብ። ኮቪድ ሲመጣ 8335 በየሰዉ አፍ ውስጥ የገባው በስንት ቀን ነበር? ተራ የድምፅ ጥሪ በአሮጌ ኔትወርክም ይሄዳል፤ ታብሌት አይፈልግም። ኤክስሬይና የቆዳ በሽታ ምስል ይጠይቃሉ፣ እውነት ነው፤ እነሱ ሌላ መስመር ይኑራቸው።

«ሩዋንዳ አድርጋዋለች» የሚለኝ አይጠፋም። አድርጋለች፤ መጨረሻውም ይነገር። ባቢል የተባለው አገልግሎት በተራ ስልክ የሚሠራ ነበር፣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦበታል፣ ከአገሪቱ የማኅበረሰብ ጤና መድን ጋርም ተሳስሮ ነበር። ባለቤቱ ግን ለንደን የተወለደው ባቢሎን የተሰኘ ኩባንያ ነበር፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2023 ሲከስር የሩዋንዳው መስመርም አብሮ ተቋረጠ። እኛም ዘንድ የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 የውጭ እርዳታውን ሲያግድ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው መቋረጡ ተዘግቧል። ሥሩ ሌላ አገር የሆነ ነገር የሚደርቀው ከዚያው ነው።

ተረኛ ሐኪሙና አጭር ቁጥሩ ታዲያ ለምን አይሞከሩም? ከታብሌቱና ከሳተላይቱ ይረክሳሉ። ግን የሚመረቅ ዕቃ የላቸውም። ለጋሹ ፎቶ የሚነሳበት ነገር የለም፤ ያለው ወር በወር የሚከፈል የተረኝነት አበል ነው፣ አበል ደግሞ ከፕሮጀክት ሳይሆን ከመደበኛ በጀት ነው የሚመጣው። መደበኛ በጀቱ ለጤና ባለሙያ ያለውን ፊት በግንቦት 2017 አይተነዋል። ባለሙያዎቹ ደመወዛቸው እንዲስተካከልና የትርፍ ሰዓት ክፍያቸው እንዲከበር ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፣ የታሰሩም ነበሩ። ቴሌሜዲሲን በሚባለው ነገር ሌላኛው ጫፍ ላይ የሚቀመጠው ይኸው ሰው ነው። አዲስ መተግበሪያ ይዞ ወደ ደቡብ ወሎ የሚመጣ ድርጅት ወይም ቢሮ መጀመሪያ ይህን ይመልስ፦ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከወግዲ ስልክ ቢደወል የሚያነሳው ሐኪም ለዚያ ሌሊት ስንት ይከፈለዋል፣ ከየትኛውስ የበጀት ርዕስ?