ሶፍትዌር ከመጋዘን በኋላ

እሌኒ ገብረመድኅን (ዶ/ር) በዐሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ድርጅቶችን ከባዶ አቁመዋል። የመጀመሪያው ሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ነው። ሁለተኛው በ2005 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የተመሠረተው፣ በእሳቸው ስም የሚጠራውና ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች የምርት ገበያ የሚገነባው ኩባንያ ነው። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በግብርና ዙሪያ የሚሠሩ ጀማሪ ኩባንያዎችን የሚያሳድገውን ብሉሙንን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ከሦስቱ አንዱም የሶፍትዌር ኩባንያ ነው ተብሎ አይጠራም። ሆኖም ዲላ ላይ ተቀምጦ ሶፍትዌር መሸጥ ለሚያስብ ሰው፣ ከካሊፎርኒያ ከሚመጣው የመሥራቾች ምክር ሁሉ የመጀመሪያው ድርጅት ታሪክ ይበልጥ ይጠቅማል። ትልቁ ስኬቱም ትልቁ ጉድለቱም የታዩት በቡና ላይ ነው፤ ይርጋጨፌም ከሁለቱም ድርሻዋን አግኝታለች።

ምርት ገበያው የተነሣበት ችግር ያለመተማመን ችግር ነበር። አቅራቢው አዲስ አበባ ያለውን ዋጋ በወሬ ይሰማል፣ ቡናውን ያስረክባል፣ ገንዘቡን ይጠብቃል፤ ገዢውም ጆንያው ውስጥ ያለው የተባለው ቡና መሆኑን በዓይኑ ካላየ አያምንም። ስለዚህ መጀመሪያ አዋጅ ወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 550/1999። ቀጥሎ መጋዘን፣ የናሙና መውሰጃና የቅምሻ ቤተ ሙከራ፣ የመጋዘን ደረሰኝ መጣ። ባንኮች ገብተው ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ የሚያገኝበት አሠራር ተዘረጋ። ዲላም የቡና መጋዘን ካገኙት ከተሞች አንዷ ሆነች። ግብይቱ ራሱ ግን ለዓመታት አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ በጩኸት ይካሄድ ነበር፤ ሻጭና ገዢ ዋጋ ተጣርተው መዳፍ በመመታታት ይስማማሉ። በኮምፒውተር መገበያየት የተጀመረው ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ዋጋ የሚኖረው መጋዘኑ ውስጥ ያለው ቡና ቁጥሩን ሲመስል ብቻ ነው። ዛሬ ብዙ ጀማሪ ኩባንያዎች ነገሩን ገልብጠው ይይዙታል፤ መተግበሪያው በሦስት ወር ያልቃል፣ ምረቃው ይደምቃል፣ ሚዛኑን ማን እንደሚይዝ ግን ማንም አልጠየቀም። ሳምራዊት ፍቅሩ የታክሲ መጥሪያ አገልግሎቱን ራይድን የጀመሩበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። አገልግሎቱ በመጀመሪያ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር የሚሠራው፤ 8294 የሚለው የጥሪ ቁጥርም ብዙ ደንበኞች ስማርት ስልክና ዳታ በሌላቸው ከተማ ኩባንያውን ይዞ ዘልቋል። በግብርናው በኩል የ8028 የስልክ መስመር ገበሬውን በድምፅ መድረስ እንደሚቻል አሳይቷል። ለባለሙያው የሚያኮራው ቴክኖሎጂና ደንበኛው በእጁ የያዘው ቴክኖሎጂ አንድ የሚሆኑበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ቡና ወደ ምርት ገበያው የገባው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን ጉድለቱም አብሮ መጣ። ገበያው ቡናን በአካባቢና በደረጃ ከፈለ፤ ይርጋጨፌ፣ ወናጎ፣ ኮቸሬና ገላና አባያ የውል መደብ ስሞች ሆኑ። ከኮንጋ ወይም ከኢዲዶ ማጠቢያ የወጣ ቡና ዲላ ሲደርስ ይቀመሳል፣ መደብና ደረጃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ወዲያ ከአቻ ደረጃው ሁሉ ጋር እንደ አንድ ይቆጠር ነበር። ገዢው ሻጩ ማን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ስም ካልታየ ትንሹን አቅራቢ የሚገፋ አድልዎ አይኖርም ተብሎ ነበር። ለበቆሎ ሐሳቡ እንከን የለውም። የይርጋጨፌን የታጠበ ቡና በውድ የሚገዛው የውጭ ቡና ቆዪ ግን የሚከፍለው ለማጠቢያ ጣቢያው ስም፣ ለቀበሌው፣ አንዳንዴም ለአንድ ገበሬ ማሳ ነው። ያ ስም መዝገቡ ውስጥ ቦታ አልተተወለትም።

በሶፍትዌር ሰው ዓይን ሲታይ ነገሩ በሠንጠረዥ ውስጥ የጎደለ አንድ ዓምድ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢጨመር የሚያስወጣው ወጪ ከቁጥር የማይገባ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን አዲስ አዋጅ አስፈለገ። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 የቡናው መነሻ ሳይጠፋ በቀጥታ የሚሸጥበትን በር ከፈተ። በመካከሉ የቡናቸውን መነሻ ይዘው የቆዩት ከገበያው ውጭ በቀጥታ መላክ የተፈቀደላቸው ዩኒየኖች ናቸው፤ በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና አምራቾች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አንዱ ነው። የዩኒየኑ የወረቀት መዝገብ በዚህ ነጥብ ከዘመናዊው ሥርዓት በልጦ መገኘቱ ለፕሮግራመሮች ትንሽ ያስቆጫል።

አሁን የቡናው መነሻ ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተመንጥሮ በተገኘ መሬት ላይ የበቀለ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ ይከለክላል፤ እያንዳንዱ ማሳም በካርታ ላይ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ የኬንትሮስና የኬክሮስ ቁጥሩ ግን ከነጥብ በኋላ ስድስት አሃዝ ሊኖረው ይገባል። ስድስተኛው አሃዝ የሚለየው ዐሥር ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የተለመደ ስማርት ስልክ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ በሜትሮች ይሳሳታል፤ በጌዴኦ ዛፍ ጥላ ሥር ደግሞ ይብስበታል።

ጥላው ራሱ ሌላ ጣጣ አለው። መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር፣ እንሰት፣ ቡናና አገር በቀል ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተደራርበው የሚኖሩበት ነው። ከሳተላይት ሲታይ እርሻው ከደን አይለይም። አንድ ገበሬ ያረጀ የጥላ ዛፍ ቆርጦ ሌላ ቢተክል፣ ብራዚል ያለውን ሰፊና ገላጣ የቡና እርሻ ለማየት የተሠራ ፕሮግራም «ደን ተጨፈጨፈ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ይህን ስህተት የሚያርመው ቡሌንና ወናጎን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከውጭ ኩባንያ ይልቅ ዲላ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የሚቋቋም ኩባንያ ብልጫ ሊያገኝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው።

ብልጫው ብቻውን ግን ገቢ አይሆንም። የደንቡ ተግባራዊነት ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ ብራስልስ የምትቆርጠውን ቀን ብቻ ተማምኖ ሠራተኛ የቀጠረ ኩባንያ ቀኑ በተገፋ ቁጥር ደመወዝ መክፈያ ያጣል። በወር በወር ክፍያ የሚለው ልማድም ከጌዴኦ የገንዘብ አቆጣጠር ጋር አይገጥምም። ገበሬው፣ ሰብሳቢውና ማጠቢያው ብር የሚይዙት እሸት ቡና በሚለቀምባቸው ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉ ወራት ነው፤ ክረምት ላይ የሚላክ ሒሳብ መጠየቂያ ተከፋይ የለውም። ከፋዩ ላኪው ወይም ዩኒየኑ ቢሆን፣ ክፍያውም በጆንያ ወይም በኮንቴይነር ቢታሰብ ይሻላል። ደንቡ ሥራ ላይ እስኪውል መቆያው ለሌላ ኩባንያ የሚሠራ ሥራ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2007 አዳም አባተ ከባልደረቦቻቸው ጋር አዲስ አበባ ላይ የመሠረቱት አፖዚት ለናይጄሪያው የክፍያ ኩባንያ ለፓጋ ሶፍትዌር እየሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 በዚያው ደንበኛው ተገዝቷል። ለራሱ ምርት ብቻ ቢጠብቅ ኖሮ ያን ያህል መቆየቱ ያጠራጥራል።

የሚቀረው የመረጃው ባለቤትነት ነው። የማሳውን ካርታ የሚያሠራው ላኪ ገንዘቡን ስለከፈለ ካርታው የእኔ ነው ይላል፤ ያኔ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት ቡናውን ለሌላ ልሽጥ ሲል እንደገና መለካት ይኖርበታል፣ ወይም እዚያው ገዢ ጋር ታስሮ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ግለሰቡ በራሱ መረጃ ላይ መብት እንዳለው ደንግጓል። ሶፍትዌሩን የሚሠራው ኩባንያ ከላኪው ጋር ሲዋዋል የነጥቡ ቅጂ በገበሬው መሠረታዊ ማኅበር እጅ እንዲቀመጥ የሚል አንቀጽ ማስገባት ይችላል። አንዳንድ ላኪዎች በዚህ ምክንያት ላይፈርሙ ይችላሉ፤ ማኅበሩ ግን በዚህ መንገድ ራሱ ደንበኛ ይሆናል፣ ላኪው ቢቀየርም መዝገቡ አብሮት ይቆያል።