ባሌስትራ መጨመር ምን ይደብቃል?

በጥሊሊ ከተማ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ከቡሬ ወደ ኮሶበር ባዶአቸውን የሚመለሱትን የጭነት መኪኖች ልብ ብሎ ይመልከት። አንዳንዶቹ ኋላቸው ከፊታቸው ከፍ ብሎ፣ ሊሰግድ እንደ ጎነበሰ ሰው ወደፊት አዘንብለው ያልፋሉ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ባለንብረቱ «ሲጫን ኋላው ይተኛል» ብሎ ባሌስትራ አስጨምሯል። ብዙዎች ይህን እንደ ጥንካሬ ይቆጥሩታል። እኛ ግን አንስማማም።

ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ ዝርግ ብረቶች ናቸው። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ባሳተመው ሕግ መሠረት ዝቅ የሚለው በተጫነበት ኃይል መጠን ነው። ስምንት ዝርግ ብረት ያለው ባሌስትራ በአንድ ጭነት 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይል ከነበረ፣ ተመሳሳይ ሁለት ሲታከሉለት ዝቅታው ወደ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ጭነቱ ግን አንድ ኪሎ እንኳ አልቀነሰም፤ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲውም እንደ ቀድሞው ናቸው። የጠፋው መኪናው «ከበደኝ» የሚልበት ምልክት ብቻ ነው።

«ብቻ» ማለታችን እንኳ ስሕተት ነው። በብዙ ሚኒባሶችና ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን የዘይት ግፊት የሚመጥን መሣሪያ አለ። መሣሪያው በዘንግ ከኋላ አክስል ጋር ተያይዞ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለውን ርቀት ይከታተላል። ርቀቱ ሲጠብ መኪናው ተጭኗል ብሎ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ግፊት ይለቃል፤ ሲሰፋ ባዶ ነው ብሎ ይቀንሳል። እንግዲህ ኋላውን በባሌስትራ አስነሥቶ መሣሪያውን ያላስተካከለ ሰው፣ የተጫነ መኪናውን ለፍሬኑ «ባዶ ነኝ» እያስባለ ይነዳል። ሸክሙ በፊት ፍሬኖች ላይ ይወድቃል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወርደው ረጅም ቁልቁለት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአሽከርካሪዎች ማስረዳት አያሻንም።

የከፍታው ነገር ከተነሣ ከሰሉም አይቀርም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ከሚያለማው ዲከረንስ የሚከስለው ከሰል ቀላል በመሆኑ፣ ጆንያው ከስፖንዳው በላይ ይቆለላል። የሚዛን ጣቢያ ክብደቱን ይመዝናል፤ የስበት ማዕከሉ ከመሬት ምን ያህል እንደራቀ ግን አይነግረንም። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል 1.6 ሜትር ስፋት ያለው መኪና እንውሰድ። የስበት ማዕከሉ 1.2 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ራዲየሱ 60 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ የሚገለበጥበት ፍጥነት በስሌት በሰዓት 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማዕከሉ 1.8 ሜትር ሲደርስ ወደ 58 ይወርዳል፤ የባሌስትራውና የጎማው መዋዠቅ ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የተጨመረው ባሌስትራ የሚያስነሣው ጥቂት ሳንቲ ሜትር በዚህ ስሌት ውስጥ ትንሽ ነው። ጉዳቱ በሌላ በኩል ይመጣል፤ ኋላው ብቻ ሲደድር በኩርባ ላይ የሚዛወረው ጭነት በአብዛኛው በውጭ በኩል ባለው የኋላ ጎማ ላይ ያርፋል፤ የኋላውም አካል ወደ ውጭ መንሸራተት ይቀናዋል።

ኋላው የተኛ መኪና ይሻላል ማለታችን አይደለም። እሱም መሪው ይቀልበታል፣ መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። አሮጌ የመኖሪያ መኪና በሚታደስባቸው አገሮችም ይኸው ችግር አለ። የደከመ ባሌስትራ በዚያው ቁጥርና ውፍረት ይተካ፤ ትርፍ ጭነት ይውረድ። በዓመታዊው የቦሎ ምርመራም ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ያለው ርቀት ይለካ እንላለን። የሚያስፈልገው አንድ ሜትርና አምራቹ የጻፈው ቁጥር ነው።