«ወሰን» ወይስ «ገደብ»? የጀርመንኛ የክልከላ ቃላት በእንግሊዝኛ በኩል ወደ አማርኛ ሲሻገሩ

በማርች 2020 የጀርመኗ የባየርን ክልል መንግሥት የኮሮና ወረርሽኝን ለመግታት ሰዎች ያለ በቂ ምክንያት ከቤት እንዳይወጡ ደነገገ። ድንጋጌውን «አውስጋንግስበሽሬንኩንግ» አለው እንጂ «አውስጋንግስሽፔረ» አላለውም። የመጀመሪያው «የመውጣት ገደብ» ነው፤ ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለሕክምና መውጣት ይፈቀዳል። ሁለተኛው «የመውጣት እገዳ» ነው፤ በመርህ ደረጃ በሩ ዝግ ነው። የእንግሊዝኛ ዘገባዎች ግን ሁለቱንም አንድ ጊዜ «ሎክዳውን»፣ ሌላ ጊዜ «ከርፊው» ይሏቸው ነበር።

የእኛ «ሰዓት እላፊ» ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ነው። «እላፊ» ከልክ ማለፍን ያመለክታል፤ «እላፊ ተናገረ» እንደምንለው። የጀርመንኛው ቃል በሩን የሚያሳይ ሲሆን፣ የአማርኛው ጣቱን ወደ ተላላፊው ይቀስራል። ከተፈቀደው ሰዓት በኋላ ምጥ የያዛትን ጎረቤቱን በቃሬዛ ይዞ የሚወጣ ሰው ገና ከደጃፉ ሳይርቅ በስሙ ጥፋተኛ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ሳቢያ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል በተከሰተው የጸጥታ ችግር ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ለኖረ ሰው ይህ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ አቋም እንዲህ ነው፦ የጀርመንን የመሠረታዊ መብቶች ትምህርት በእንግሊዝኛ ተርጓሚ ዓይን አንብበን ወደ አማርኛ ስናመጣ የምናጣው ዋናው ነገር «ግሬንዘ» ከ«ሽራንከ» የሚለይበት ድንበር ነው። «ግሬንዘ» የአንድ ነገር ወሰን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ራሱ የለም። «ሽራንከ» ግን መንገድ ላይ የተጋደመ አግዳሚ ነው፤ መንገዱ ከአግዳሚው ወዲያም ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 5 ስለ ሐሳብ ነፃነት ሲናገር የተጠቀመው «ሽራንከ»ን ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም «ሊሚት» ይላል። «ሊሚት» ወሰንም አግዳሚም ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚያ የሚነሣ የአማርኛ ተርጓሚ «ወሰን» ብሎ ቢጽፍ የሚወቅሰው አይኖርም።

የሚከተለው ስሕተት ግን ከባድ ነው። መብቱ «ወሰኑ እዚህ ነው» ከተባለ፣ ከወሰኑ ወዲያ ያለው ዜጋ መብት አልነበረውምና መንግሥት ምክንያት የማቅረብ ግዴታ የለበትም። «ገደብ ተጥሎበታል» ከተባለ ግን መብቱ አለ፤ የጣለው አካል ለምን እንደጣለ፣ ገደቡም ተመጣጣኝ መሆኑን ማስረዳት ይጠበቅበታል። ጀርመኖች ለዚህ «ሽራንከን-ሽራንከን» የሚል እንግዳ የሚመስል ስያሜ አላቸው፤ «የገደብ ገደብ» ማለት ነው። ባለፈው ዓመት በአንድ የክፍል ውይይት ስያሜው ሲነሣ «የወሰኖች ወሰን» ተብሎ ቀረበ፤ ማንም ምን ለማለት እንደተፈለገ አልገባውም፤ እኔም ጭምር።

እርግጥ ነው፣ ልዩነት ሁሉ ትርጉም የለውም። አንቀጽ 8 «በሽሬንከን»፣ አንቀጽ 19 «አይንሽሬንከን» የሚሉትን ግሦች ሲጠቀሙ እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ማለፉ ብዙ አያስቆጭም፤ በጀርመንኛም ተቀራራቢ ናቸውና። ተርጓሚ የቱን ልዩነት ማዳን እንዳለበት መለየት ይኖርበታል።

ወደ ራሳችን ሕገ መንግሥት ስንመለስ ነገሩ ይገለበጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በእንግሊዝኛ ቅጂው በአንቀጽ 26 «ሪስትሪክሽን»፣ በአንቀጽ 27 «ሊሚቴሽን» ይላል። አማርኛው በሁለቱም ቦታ «ገደበ» ከሚለው ግሥ አይወጣም። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ስለሆነ፣ በሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት ልዩነት ላይ የሚገነባ የመመረቂያ ጽሑፍ መሠረቱን ያጣል። ይህን የምጽፈው የራሴን የመጀመሪያ ረቂቅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ በዚህ ምክንያት ከሰረዝሁ በኋላ ነው።

አማርኛ ደግሞ በቃል የደኸየ አይደለም። ባደግሁበት በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ፣ «ማገድ» የእረኛ ሥራ ነው፤ ከብት ያገደ ልጅ መንጋውን ከአዝመራ ይመልሳል እንጂ ግጦሽ አይነሣውም። ለግጦሽ የተዘጋ ተራራ «የተከለለ» ይባላል፤ መከለል ማጠርም መጠለልም ነው። «ገደብ» ከ«ግድብ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ውኃው አለ፣ የሚይዘው ግን ሰው የሠራው ነገር ነው። «ሽራንከ»ን በ«ገደብ»፣ «ግሬንዘ»ን በ«ወሰን»፣ «ሽፔረ»ን በ«እገዳ»፣ «ፈርቦት»ን በ«ክልከላ» ለመተርጎም ሐሳብ የማቀርበውም ከዚህ ተነሥቼ ነው። «አይንግሪፍ» ላይ ግን እስካሁን ልቤ አላረፈም፤ «ጣልቃ ገብነት» በፖለቲካ አነጋገር ስለተበከለ፣ ሕጋዊ የሆነውን የመንግሥት ድርጊት ሳይቀር ገና ከስሙ ያስኮንነዋል።