በልክ የተወሰደ ጥቂት መድኃኒት

ሕመም የቆየበትና ሆዱ መድኃኒት የማይችል ሰው፣ ለደም ማነስ የታዘዘለት የብረት ክኒን ሲያቅለሸልሸውና ሆዱን ሲያደርቀው ፈጽሞ ይተወዋል። ዘመዶቹ ደግሞ መድኃኒት ካልበዛ አይሠራም በማለት ያስገድዱታል። እኛ ሁለቱንም አንደግፍም።

ብዙ ጊዜ የሚታደለው ክኒን 60 ሚሊግራም ያህል ብረት አለበት። ይህ መጠን ሲገባ ጉበት ሄፕሲዲን የተባለውን ሆርሞን ያበዛል፤ አንጀትም እስከ ማግስቱ ድረስ ብረት የመቀበል ኃይሉ ይቀንሳል፤ የተረፈውም ብረት ሆድን ያውካል። በስዊስ አገር የብረት እጥረት ባለባቸው ሴቶች ላይ ተደርጎ በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ አንድ ቀን እየዘለሉ የወሰዱት በየቀኑ ከወሰዱት ይልቅ ከእያንዳንዱ ክኒን የበለጠ ብረት እንዳገኙ አስረድቷል።

እንግዲህ መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ሁሉ ኃይሉ የደከመ አይደለም። ሆዱ ያልቻለ ሕመምተኛ ክኒኑን ከመጣሉ በፊት መጠኑ እንዲቀነስለት ወይም ቀን እንዲዘለልለት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ቡናና ሻይንም ከክኒኑ ሰዓት ያርቅ። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴትም ሆነች ደሙ እጅግ የወረደ ሰው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጠኑን ከመቀነስ እንዲጠበቁ አጥብቀን እናሳስባለን። ጸንተው የወሰዱት ጥቂት፣ ጀምረው ከጣሉት ብዙ ይበልጣል።