የታከመ ብቻ ሳይሆን የዳነም ይቆጠር

ከአዋሽ ከተማ ተነስቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚጓዝ ሰው በብዙ ቦታ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ፕሮሶፒስን ነው። በ1970ዎቹ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ በስፋት የተተከለው ይህ ዛፍ ዛሬ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሸፈኑን ጥናቶች ያመለክታሉ። ስለወሰደው የግጦሽ መሬት ብዙ ተብሏል። በእሾሁ ተወግተው ስለሚያነክሱት ግመሎችና ከብቶች ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

የፕሮሶፒስ እሾህ ጠንካራ ነው። የግመል እግር ደግሞ ከሥሩ ለስላሳ በመሆኑ በቀላሉ ይወጋል። እሾሁ ገብቶ ሲሰበር ጫፉ ውስጥ ይቀራል፤ ቁስሉ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥር መግል ይቋጥራል። ጉዳቱ ወደ መጋጠሚያ ከዘለቀ እንስሳው ዕድሜ ልኩን ሊያነክስ ይችላል። ያነከሰች ግመል ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ከመንጋው ጋር መጓዝ ያቅታታል፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ ገበያ ብትወጣም ዋጋዋ ይወድቃል።

እንዲህ ያለ እንስሳ ወደ ጤና ኬላ ሲቀርብ ባለሙያው እሾሁን ያወጣል፣ መግሉን ያፈሳል፣ ቁስሉን ያጥባል፣ እንደ ሁኔታውም መድኃኒት ይሰጣል። ሥራው ግን በዚህ ማብቃት የለበትም። እንስሳው ከሁለት ሳምንትና ከሦስት ወር በኋላ እንዴት እንደሚራመድ ካልታወቀ፣ "ይህን ያህል እንስሳት ታከሙ" የሚለው ቁጥር ብቻውን የአገልግሎቱን ውጤት አያሳይም።

በሌሎች አገሮች የዳሌ መጋጠሚያቸው በትክክል ሳይገጥም ለሚያድጉ ውሾች ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። የሐኪሙ ሥራ የሚመዘነው ግን ቀዶ ሕክምናው በተጠናቀቀበት ቀን ሳይሆን ውሻው ከዓመታት በኋላ ያለ ሕመም መሮጥ መቻሉ ታይቶ ነው። ችግሩ በዘር የሚተላለፍ ስለሆነም የታከመው ውሻ እንዳይራባ ይመከራል፤ ቢላዋ አንዱን ውሻ ቢያሻሽልም የችግሩን ምንጭ አያደርቅምና። የአዋሽ ሸለቆ ችግር ከዘር ሳይሆን ከእሾህ የሚመጣ ቢሆንም፣ ውጤትን መከታተልና ምንጩን መያዝ የሚሉት ሁለቱ ትምህርቶች እዚህም ይሠራሉ።

አርብቶ አደሩ ተንቀሳቃሽ በመሆኑ ክትትል አይቻልም የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። ነገር ግን አፋር ዳጉ አለው። መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ የሚለዋወጠው ወሬ ከመኪና ቀድሞ ይደርሳል። የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኞች የታከመውን እንስሳ ባለቤት፣ ጎሳና የውኃ ቦታ ከመዘገቡ ስለ እንስሳው ሁኔታ በዳጉ መጠየቅና መልሱን ለወረዳው ማድረስ አይከብዳቸውም።

ምንጩን ለመያዝ ደግሞ ሁሉንም ፕሮሶፒስ በአንድ ጊዜ መንቀል አይጠበቅም። በከብት መተላለፊያዎች፣ በውኃ ነጥቦችና በበረቶች ዙሪያ ያለውን ማስቀደም ይቻላል። ዛፉ ከመሬት በላይ ከተቆረጠ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ ከአፈር በታች ከሥሩ መቁረጥ ያስፈልጋል። የተቆረጠው ቅርንጫፍም እንስሳት በሚያልፉበት መንገድ ላይ መጣል የለበትም። እንስሳት ፍሬውን ሳይፈጭ ከበሉት ዘሩን በፋንድያቸው በየመንገዱ ስለሚዘሩ፣ ፍሬውን ሰብስቦ ፈጭቶ መመገብ መኖም ይሰጣል፣ ስርጭትም ይቀንሳል።

ስለዚህ የወረዳ እንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች በመዝገባቸው ላይ "ታከመ" ከሚለው ቀጥሎ "ዳነ"፣ "አሁንም ያነክሳል" እና "ተሸጠ ወይም ሞተ" የሚሉ ዓምዶችን ይጨምሩ። አርብቶ አደሩም እንስሳው ማንከስ በጀመረ ቀን እግሩን ይፈትሽ፤ ከመነቀል ይልቅ የተሰበረ እሾህ ካጋጠመው መግል እስኪቋጥር ሳይጠብቅ ወደ ባለሙያ ያቅርበው። ብዙ እንስሳት የሚያነክሱበት መተላለፊያ በመዝገቡ ሲለይም የቀበሌው የምንጠራ ሥራ ከዚያው ይጀመር።