የኡም ጋርጉሩ ሰው ጥያቄ

አጎቴ ከሱዳን የተመለሰው በ1984 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። አያቴ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ነበር፤ ኮንጎ ጫማ አድርጓል። ከባረንቱ እስከ ከረን አሥራ ሦስት ዓመት የተዋጋ ወታደር የ«ወንበዴ» ጫማ አጥልቆ ደጃፏ ቆመ። ከየት አመጣኸው ብትለው «ኡም ጋርጉር የሚኖር ሰው ሰጠኝ» አለ። እስከ ዛሬ በእኛ ቤት ኡም ጋርጉር ማለት የጫማው አገር ነው።

እንቅልፍ አልነበረውም። ሌሊት ሌሊት ጓሮ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ሲነጋ ከጎመኑ መደብ ጫፍ ላይ ያገኙታል። በሦስተኛው ቀን አያቴ ከግድግዳው ላይ የሟች ባሏን ምንሽር አውርዳ ወደ አበ ልጇ ቤት ላከችው። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጠመንጃው ሊወለወል የሄደ መስሎኝ ነበር። ምሽት ላይ ሁላችንን ሰብስባ «በዚህ ቤት ስለዚህ ነገር ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር» አለች። የትኛው ነገር እንደሆነ የነገረን የለም።

አሁን ሳስበው አያቴ በአንድ ቀን ሰውን ከራስ ማጥፋት የመታደግን ሙያ ትልቁን ብልሃትም ትልቁን ስሕተትም ሠርታለች። መሣሪያውን ማራቋ ብልሃት ነው። ዝምታው ግን ሰውየውን ከሐሳቡ ጋር ብቻውን አስቀረው።

ይህን ያነሳሁት ወታደር የነበሩ ሰዎችን ከራስ ማጥፋት የሚታደጉ ባለሙያዎች እንዴት ይሠልጥኑ የሚል ወሬ በተነሳ ቁጥር የአሜሪካው ነገር ብቻ ስለሚጠቀስ ነው። እርግጥ እዚያ ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ በቀን በአማካይ 17 ያህል የቀድሞ ወታደሮች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ግን እዚያ ወታደር የነበረ ሰው መታወቂያ፣ ሆስፒታልና የሚደውልበት አጭር ቁጥር አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ወታደር መሆኑን መናገር የማይችለው ነው።

እንዲህ ያለው ሰው ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ ኡም ጋርጉር፣ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት ያለ የስደተኞች ካምፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከኤርትራው ጦርነት ለሸሹ ሰዎች ተቆረቆረ፤ ያኔ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የገቡ ዛሬ አያት ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 የኤርትራው ግንባር ጀብሃ በተቀናቃኙ በሻዕቢያ ተገፍቶ ሱዳን ሲገባ ታጋዮቹ መሣሪያቸውን አስረክበው በዚያ ምሥራቃዊ ሱዳን ቀሩ። በግንቦት 1983 ደግሞ የእኛው ጦር ተራውን በከሰላ በኩል ገባና እሱም አስረከበ። አጎቴ ከእነዚያ አንዱ ነው። ቀጥሎ የመጡት የኤርትራ ወጣቶች ናቸው። ሕጉ ብሔራዊ አገልግሎቱን 18 ወር ይለዋል፤ ከ1990ው የድንበር ጦርነት ወዲህ ግን ማብቂያው ጠፍቷልና ድንበር አቋርጠው ይወጣሉ። በ2013 ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ከትግራይ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ኡም ራኩባና ቱናይድባ ሞሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 የሱዳን የራሷ ጦርነት ሲነሳ ገዳሪፍ ከካርቱም የሚሸሸውንም ተቀበለች። ያ ሜዳ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተሸናፊዎች ትጥቅ መፍቻ ሆኗል።

ታዲያ ከእነዚህ ወንዶች አንዱ ካምፕ ክሊኒክ ሄዶ «ወታደር ነበርክ?» ቢባል ምን ይመልስ? የስደተኛ ሕግ ካምፕ የሲቪሎች ቦታ ነው ይላል፤ ታጣቂ የነበረ ሰው ውጊያን ከልቡና ለዘለቄታው መተዉ ሳይረጋገጥ ጥገኝነት አያገኝም። ደንቡ ትክክል ነው፤ ካምፕ የጦር ሰፈር እንዳይሆን ይጠብቃል። ለድሃው ሰው ግን የሚገባው በአንድ መንገድ ነው፦ ዝም በል። ከብሔራዊ አገልግሎት የኮበለለው ደግሞ እጁ ተይዞ ወደ ድንበር የሚመለስ ስለሚመስለው ስሙንም ይቀይራል። በዚያ ላይ የሱዳን የ1991 (እ.ኤ.አ.) የወንጀል ሕግ ራስን ለማጥፋት መሞከርን በእስር ሊያስቀጣ ይችላል። የእኛው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው የገፋፋውንና የረዳውን ነው፤ እዚያ ግን ከሞት የተረፈው ራሱ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ቋንቋችንም አያግዝም። ምርመራ የሐኪምም ነው፣ የመርማሪም ነው። ተማርኮ በሁለተኛው ያለፈ ሰው የመጀመሪያውን ሲሰማ ትከሻው ይኮማተራል። እኔ አሠልጣኝ ብሆን የመጀመሪያውን ቀን በዚህ አንድ ቃል ላይ አውለው ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ፊት ለፊት መቀመጥ፣ ጥያቄን በቁጥር መደርደር፣ «እውነቱን ንገረኝ» ማለት፤ ይህ ሁሉ በአንዳንዱ ሰው ላይ አንድ ጊዜ የደረሰ ነው። የሚጻፈው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሚያየው፣ ምን እንደማይጻፍ መጀመሪያ ይነገረው። የትኛው ጦር ውስጥ እንደነበር ደግሞ ለጊዜው ይቅር፤ ለማዳን አያስፈልግም።

ስለ አስተርጓሚውስ? ካምፕ ውስጥ ትግርኛም ትግረም ዓረብኛም ይነገራል። ባለሙያው ከሌላ አገር ሊሆን ይችላል። መካከል ላይ የሚቀመጠው ልጅ የሰውየው የጠላት ግንባር ልጅ ሊሆን ይችላል፤ የጎረቤቱ ልጅም ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት ሁለተኛው ይብሳል። አስተርጓሚው አብሮ ካልሠለጠነ የባለሙያው ሥልጠና ግማሽ ነው። በተለይ ዋናውን ጥያቄ እንዳያለሳልስ። ባለሙያው «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህ?» ሲል አስተርጓሚው አፍሮ «ደህና ነህ ወይ?» ካለው፣ መልሱ ያው «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው።

ብዙዎቻችን ይህን ጥያቄ መጠየቅ ሐሳቡን መትከል ይመስለናል፤ አያቴም የፈራችው ይህንኑ ነው። ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ግን በግልጽ መጠየቅ አደጋውን እንደማይጨምር ነው። ጆሮም መሠልጠን አለበት፤ ወታደር «መሞት እፈልጋለሁ» አይልም። «ዕድሜ ብቻ ነው የያዘኝ» ይላል። «ጓዶቼ ጋ በሄድኩ»፣ «እኔ እኮ ያኔ ቀርቻለሁ» ይላል። እንዲህ ያለው ሰው የተሸከመው ፍርሃት ብቻ አይደለም። ያደረገው ነገር፣ ማድረግ ሲገባው ያላደረገው፣ ጥሎት የሸሸው ቁስለኛ ጓድ አለ። በእንግሊዝኛው ዓለም ለዚህ አዲስ ስም አውጥተውለታል፤ እኛ ከጥንትም የኅሊና ዕዳ እንለዋለን። እዚህ ላይ ቄሱም ሼኩም ያስፈልጋሉ። ሱዳናዊው የአእምሮ ሐኪም ቲጃኒ አል ማሂ ገና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሃይማኖትና ከባህል አዋቂዎች ጋር አብሮ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ለዚያ አካባቢ ይህ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ነገር አይደለም።

የሚሠራው ነገር ምንድን ነው ከተባለ፣ የሚገርመው ቀላልነቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ በቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍሎች የተሞከረ አንድ ወረቀት አለ። ሐሳቡ ሲመጣ ምን ምልክት እንደሚቀድመው፣ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ፣ ማን ዘንድ ሄዶ እንደሚቀመጥ፣ ማንን እንደሚጠራ፣ አደገኛው ነገር ከቤቱ እንዴት እንደሚርቅ ከሰውየው ጋር ሆነው ይጽፉታል፤ ከዚያ ደውለው ይጠይቁታል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመው ጥናት በስድስት ወር ውስጥ ራስን የማጥፋት ድርጊትና ሙከራ በ45 በመቶ ቀንሶ እንደታየ ይናገራል። የእስራኤል ጦርም በ2006 (እ.ኤ.አ.) ወታደሮቹ ለእረፍት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ካምፕ እንዲተዉ ቢያደርግ የራስ ማጥፋቱ ቁጥር በ40 በመቶ ወረደ። የአያቴ ምንሽር ማለት ነው። ኡም ጋርጉር ላይ ጠመንጃ ላይኖር ይችላል፤ ገዳሪፍ ግን የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው፤ የእርሻው መድኃኒት በየጎጆው እንዳይቀመጥ፣ በአንድ የሚቆለፍ መጋዘን እንዲሆን ማድረግ የባለሙያው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የስልክ ቁጥር የሚጻፍበት መስመር ላይ ደግሞ፣ ኔትወርክ በሌለበት፣ የጎረቤት ጎጆ ይጻፍ።

ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ ጀሮም ሞቶ የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። ሕክምና አንፈልግም ካሉ 843 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ለአምስት ዓመት አጫጭር ደብዳቤ እንዲደርሳቸው አደረገ፤ ምክርም ቀጠሮም የለው፣ እንዴት ነህ የሚል ብቻ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ያነሱ ነበሩ። ሞቶ ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሳለ አንዲት ልጅ ትጽፍለት ነበርና ሐሳቡ ከዚያ መጣለት ይባላል። ይህን ሳነብ የመተማ መንገድ የጭነት ሾፌሮች ትዝ አሉኝ። በየሰሊጥ ወቅቱ አንዱ በራችን ላይ ቆሞ «ከገዳሪፍ ሰላም ብሎሃል» ይለው ነበር አጎቴን። ሌላ መልእክት የለውም።

በእኛ አገርስ? በ1983 ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ሲበተን፣ ሥንዴና ዘይት ተሰፈረለት፣ ተሃድሶ የሚባል የፖለቲካ ትምህርት ተሰጠው። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው አማኑኤል ያኔ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የተጀመረው እንኳ በ1995 ነው። ዛሬ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን አሰናብቼ አቋቁማለሁ ብሎ በሕዳር 2017 መቀሌ ላይ ጀምሯል። ቃሉ ያው ተሃድሶ ነው። ጥቂት ቀን ሥልጠና፣ ትንሽ ገንዘብ፣ ከዚያ መንደር። በየወረዳው ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ይህን አንድ ጥያቄ ሳትንተባተብ እንድትጠይቅ ማሠልጠን ከመቋቋሚያው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ የለውም። መመሪያው ተጽፏል፤ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ2015 (እ.ኤ.አ.) ስፔሻሊስት ላልሆኑ የጤና ሠራተኞች ያወጡት ለካምፕም ለገጠርም ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ከመመሪያ ውጭ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ የሆነውን እኛ በዘፈንም በቴአትርም ስናወድስ ነው ያደግነው፤ እጅ ከመስጠት ሞት ብለን። ቴዎድሮስን አልነካም። ግን እጁን ሰጥቶ በሕይወት የተመለሰ ወታደር ያንን ዘፈን ሲሰማ ስለራሱ ምን እንደሚያስብ የጠየቅን አይመስለኝም። የዚያኑ ያህል ደግሞ፣ በዚያው መንገድ የሄደውን ተራ ሰው መቃብር ስንነፍግ ኖረናል።

ባለፈው ጥምቀት አጎቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። ሰው ሲወጣ ጠብቄ «ጋሼ፣ ያኔ ከሱዳን ስትመጣ ራስህን ልታጠፋ አስበህ ነበር?» አልኩት። ድምፄ እንደተንቀጠቀጠ ይሰማኛል።

ሲኒውን አስቀመጠ። አልተቆጣም።

«ከዚያ በፊት ነው። ሰሊጥ አጨዳው ላይ» አለ። «ከኡም ጋርጉር እየመጣ አብሮን የሚያጭድ አንድ የጀብሃ ሰው ነበር። ባረንቱ ላይ እሱ በዚያ፣ እኔ በዚህ ነበርን። አንድ ማታ ማጭዴን ከእጄ ተቀበለና ‹ልብህ ሞት ይላል?› አለኝ። አማርኛው እንዲያ ነበር። አዎ አልኩት። ‹ነገም እጠይቅሃለሁ› አለኝ። በነጋታው ጠየቀኝ። አጨዳው እስኪያልቅ በየማታው ማጭዴን እየተቀበለ ጠየቀኝ።»

«እዚህ ቤትስ?»

«እዚህ ቤት ጠመንጃው ጠፋ እንጂ የጠየቀኝ የለም» አለና ሳቀ። «አንተም ብትሆን ሠላሳ ሦስት ዓመት ፈጀብህ።»